ቢጫው ዓይንና የከሰሉ ምድጃ



የበኩር ልጃችን በመግሪብ ሰዓት ጤና ተቋም ውስጥ ተወለደ። አልሐምዱሊላህ ብለን፣ በጆሮው አዛን አድርገን፣ በማግስቱ ዙህር ላይ ሳቢያን ወዳለው ቤታችን ገባን። አማቴ የአራሷን ክፍል አሰናድተው ጠበቁን፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። በድሬዳዋ ሙቀት ከሰል ምን ያደርጋል ብትሉ፣ አራስ ብርድ እንዳይመታት፣ ቤቱም እንዲታወድ ነው።

ዐስር ሳይሰገድ ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ነጩ ቢጫ ሆኖ አየሁት። አማቴ «የወፍ በሽታ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይለቀዋል» አሉ። እኔም እስከ ዐቂቃው ይሻለዋል ብዬ ልቀመጥ ነበር። ባለቤቴ ግን «ተነሥ፣ እንሂድ» አለች።

ምርመራው የእናቱ ደም ኦ፣ የልጁ ኤ መሆኑን አሳየ። ከእናቱ የተሻገረው የመከላከያ ንጥረ ነገር ደሙን ያፈርስ ነበር። ሐኪሙ ያስረዳኝ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ ቀለም የሰጠው ሄም የተባለው ክፍል ይሰነጠቃል። ከእርሱም ብረት፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ኋላ ቢጫውን ቢሊሩቢን የሚሆነው ንጥረ ነገር ይወጣሉ። ይህን ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም በ1968 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታውቋል። ለአንድ ቢሊሩቢን አንድ ካርቦን ሞኖክሳይድ፤ ሁለቱ መንታ ናቸው። ጋዙ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቢሊሩቢን ግን ጉበትን ይጠብቃል፣ የአራስ ጉበት ደግሞ ገና አልጠነከረም። መሣሪያው ያላቸው ሆስፒታሎች የሕፃኑን ትንፋሽ ለክተው ደሙ በምን ፍጥነት እንደሚፈርስ ይገምታሉ።

ስሙን ስሰማ ደነገጥኩ። «ከሰላችን ነው እንዴ ቢጫ ያደረገው?» አልኩት።

«አይደለም። ሰውነቱ የሚሠራው ጋዝ እጅግ ጥቂት ነው፤ ቢጫነቱም የደሙ መፍረስ ነው። የከሰሉ ግን ሌላ አደጋ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግዳል። ዛሬውኑ አውጡት» አለኝ።

ልጃችን በሰማያዊው ብርሃን ሥር ተኛ፤ በአራተኛው ቀን ተሽሎት ወጣ።

ወንድሞችና እህቶች! ብዙ ሕፃናት ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጥቂት ቢጫ ይሆናሉ፤ አብዛኛውም ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የታየ፣ ወደ እግር የወረደ፣ ወይም ልጁ ጡት አልጠባ፣ ከእንቅልፉ አልነቃ ሲል የመጣ ቢጫነት ግን ለነገ አይባልም። ቢሊሩቢን እጅግ ከበዛ አንጎል ውስጥ ገብቶ መስሚያን ይነሳል፣ አካልንም ያጎድላል። ዓይኑንና ድዱን በቀን ብርሃን እዩ፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጡ፤ የጠዋት ፀሐይም ሕክምናን አይተካም።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘውናል። ሰበቡን ማድረስ ከተወኩል አይቃረንም።

ዐቂቃውን በሰባተኛው ቀን አረድን። አማቴ ዕጣኑን ግቢ ውስጥ አጨሱት፤ የአራሷም መስኮት ተከፍቶ ነበር።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።