ጆሮ ያለው ይስማ፣ ማርሚታም ይሥራ

በዚህች መጽሔታችን ገጾች ላይ ስለ ፈተና፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳትና ስለ ማኅበሩ መዋጮ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ስለተሠራች አንዲት ማርሚታ ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ይሁንና ከመካከላችን አንዱ በጆሮው የከፈለበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ሌላው ወንድም ወይም እኅት ሳይከፍል እንዲማርበት ብለን በዝርዝር ለመጻፍ ወስነናል።

እኛ በአንካራ የሕክምና ትምህርት የምንከታተል ሦስት የነፃ ትምህርት ዕድል ተማሪዎች ነን። ከሁለት ዓመት በፊት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ያገለገለ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር በርካሽ ገዛን። ባለ 6.5 ሲሲ ሲሆን፣ መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሉት ዓይነት ነው። ዛሬ አብዛኛው ሰው በባትሪ በሚዞር ሞተር እንደሚያበር እናውቃለን፤ ነገር ግን ባትሪውና ቻርጀሩ ከወር የኪስ ገንዘባችን በላይ ነበር። አውሮፕላኑን ባልሳ ከሚባለው ቀላል እንጨት ራሳችን ሠራነው። በሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች እየተያዘ፣ በአብራሪው ዙሪያ ክብ እየሠራ ይበራል። ነዳጁ የሜታኖልና የጉሎ ዘይት ድብልቅ ነው። ጉሎው ሲቃጠል የሚሰጠው ሽታ አገር ቤት አዲስ ምጣድ ሲሟሽ የሚሸተውን ስለሚያስታውሰን፣ ቅዳሜን የምንናፍቀው በከፊል ለዚያ ሽታ ስንል ነበር።

ሞተሩ ሲገዛ ማርሚታ አልነበረውም። ይህም አላሳሰበንም፤ እንዲያውም ደስ አለን። እንዲህ ባለው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ በድንገት ይገልጠዋል፤ የታመቀው ትኩስ ጋዝም በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ሞተሩ በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲዞር፣ በያንዳንዱ ሴኮንድ 200 ፍንዳታ አለ ማለት ነው። እኛም ይህን ጩኸት የኀይል ምልክት አድርገን ቆጠርነው።

በምናበርበት ሜዳ ጠርዝ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ከደጃፋቸው ወጥተው ይመጡና፣ በጣታቸው ጆሯቸውን እያሳዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሚሉትን ከጩኸቱ የተነሣ አንሰማም፤ ሞተሩን አጥፍተን ለመስማትም አልፈለግንም። «ባዕድ ስለሆንን ነው፤ የአገሩ ልጆች ብንሆን ዝም ይሉን ነበር» ተባባልን። አንድ ቅዳሜ እንዲያውም ጀርባችንን ሰጥተናቸው ሥራችንን ቀጠልን። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን፤ ግን የሆነው እንዲህ ነው።

በዚያው ዓመት የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል ተራችን ደረሰ። መምህራችን የመስማት ምርመራ እንዴት እንደሚደረግ ለማሳየት ፈቃደኛ ሲጠይቁ፣ ሁልጊዜ ሞተሩን የሚያስነሣውና የነዳጁን መርፌ የሚያስተካክለው ጓደኛችን ተነሣ። በወረቀቱ ላይ የሚሣለው መሥመር እስከ 2,000 ሄርትዝ ደኅና ሄደ፤ 4,000 ላይ ሲደርስ እንደ ገደል ወረደ፤ 8,000 ላይ ጥቂት ተመልሶ ወጣ። መምህራችን ወረቀቱን ትንሽ አዩና፣

«ጠመንጃ ትተኩሳለህ?» ብለው ጠየቁት።

«የለም» አለ።

«እንግዲያውስ የምትሠራው ምንድን ነው?»

ሦስታችንም ተያየን።

ለካስ ጓደኛችን ከእናቱ ጋር በስልክ በተነጋገረ ቁጥር «መሥመሩ ይቆራረጣል» ሲል የነበረው መሥመሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ነው። እንደ «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ያሉት ድምፆች በከፍተኛው የድምፅ ክልል ውስጥ ስለሚገኙ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ አስቀድመው የሚደበዝዙት እነርሱ ናቸው። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ውስጥ፣ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው 15,000 ያህል ሴሎች አሉ። በሰው ልጅ ጆሮ እነዚህ አንድ ጊዜ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ሲሞቱም አያምም፤ አይደማም። ይህን ሁሉ ቀደም ብለን በመጽሐፍ አንብበን፣ ተፈትነንም አልፈናል። ከፈተናው በኋላ በነበረው ቅዳሜ ግን ባዶ ጆሯችንን ይዘን ሞተር አስነሥተናል። በሽተኛ በደከመ ድምፅ የሚናገረውን ለይቶ መስማት ለሚገባው ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞተሩን ሳንይዝ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድን። ይቅርታ ልንጠይቅ አፋችንን ስንከፍት «ጠጋ ብላችሁ ተናገሩ» አሉን። ከጆሯቸው ጀርባ የመስሚያ መሣሪያ ነበረ። ለካ ቦይለር በሚሠራ የብረታ ብረት ሥራ ቤት መዶሻ ሲመቱ ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል። «እኔ በናንተ ጩኸት አልተቸገርሁም ልጆቼ፤ መሣሪያውን ሳወልቀው ቤቴ ጸጥ ያለ ነው። እንደኔ እንዳትሆኑ ብዬ ነበር የምመላለሰው» አሉን። እኛ ዘለፋ ያልነው ምክር ኖሯል። በዚህ አገር የእጅ ባለሙያ «ኡስታ» ተብሎ ስለሚከበር፣ እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ኡስታ እንላቸዋለን። ሞርሳቸውን፣ ትራፓኗቸውንና የብየዳ መሣሪያቸውን ያለ አንዳች ክፍያ ፈቀዱልን።

ዛሬ የምንጠቀምባት ማርሚታ ሦስተኛዋ ናት። የወደቁት ሁለቱ ይበልጥ ስላስተማሩን አንዘላቸውም። ለመጀመሪያዋ ባለ 70 ግራም የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ወሰድን፤ ይዘቱ ከሞተሩ ሲሊንደር ዐሥር እጥፍ ያህል ነው። የማርሚታ ዋና ምስጢር ይህ ስፋት ነው። ጋዙ ከጠባብ ወደ ሰፊ ክፍል ሲገባ ይሰፋና ግፊቱ ይቀንሳል፤ ተከታታዩ ፍንዳታም በክፍሉ ውስጥ እየተቀላቀለ ወደ አንድ ወጥ ፍሰት ይጠጋል። ክዳኑን ግን ራዲዮ ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ስታኞ ያዝነው። ስታኞ ከ200 ዲግሪ በታች እንደሚቀልጥ፣ የጭሱ ሙቀትም ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አላሰብንም ነበር። በመጀመሪያው በረራ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ሣር ላይ ወደቀ።

ሁለተኛዋን ኡስታ በብር ብየዳ አያያዙልን። ይህ ብየዳ ለመቅለጥ ከ600 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ የጭሱ ሙቀት አላላላውም። በዚህ አጋጣሚ ለማሳሰብ የምንወደው፣ ካድሚየም ያለበት የብየዳ ዘንግ ጢሱ ሳንባን ክፉኛ ስለሚጎዳ፣ ካድሚየም የሌለበትን መርጦ በርና መስኮት ከፍቶ መሥራት እንደሚገባ ነው። ብየዳው ያዘ፤ እኛ ግን ድምፁን ፈጽሞ ልናጠፋው ጓጉተን መውጫውን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ አድርገነው ነበር። ሞተሩ ዝግ አለ፤ ቀጥሎ ጋለ፤ ቀጥሎም ቆመ። የተቃጠለው ጋዝ መውጫ ሲያጣ አዲሱ ድብልቅ መግቢያ ያጣል። በሙያችን ቋንቋ ብንናገር፣ ያስገባውን አየር ማስወጣት የተሳነው የአስም በሽተኛ ሆነ።

በሦስተኛዋ መውጫውን 8 ሚሊ ሜትር አደረግን። በቆርቆሮው ወገብ ላይ፣ እያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር የሆኑ 8 ቀዳዳዎች ያሉት ክብ ብረት እንደ ግድግዳ አቆምን። የስምንቱ ቀዳዳዎች ስፋት ሲደመር 56 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የመውጫው ደግሞ 50 ገደማ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ድምፁን ይሰብራል እንጂ ጋዙን አያንቅም። ከማርሚታዋ ጎን አንዲት ቀጭን የናስ ቱቦ አውጥተን በሲሊኮን ጎማ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ጋር አገናኘን። በሁለተኛዋ ጠላታችን የነበረው ግፊት በሦስተኛዋ ነዳጁን እየገፋ ሞተሩን እኩል የሚመግብ ረዳት ሆነ።

ከዚያም በተዋስነው የድምፅ መለኪያ ከ3 ሜትር ርቀት ለካን። ያለ ማርሚታ 104 ዴሲቤል የነበረው 94 ሆነ። ዐሥር ዴሲቤል ጥቂት ቢመስልም፣ ትርጉሙ የድምፁ ኀይል ወደ አንድ ዐሥረኛ መውረዱ ነው። ሞተሩ በበኩሉ ያጣው በደቂቃ 400 ዙር ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ያወጣው መመዘኛ 85 ዴሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት ለ94 ዴሲቤል 1 ሰዓት ሲፈቀድ፣ ለ104 የሚፈቀደው 6 ደቂቃ ያህል ነው። እኛ በየቅዳሜው ሁለትና ሦስት ሰዓት እንቆይ ነበር። ሞተሩን የሚያስነሣው ሰው ደግሞ ከ3 ሜትር እጅግ ቀርቦ ይንበረከካል። የፕሮፔለሩንም ድምፅ ማርሚታ አያስቀረውም። ስለሆነም ማርሚታ ቢኖርም የጆሮ መከላከያ አይቅር እንላለን።

ከኛ በፊትም ይህ በሌሎች ደርሷል። በ1884 እ.ኤ.አ. በራሱ ኀይል የሚጎርሰውን መትረየስ የፈለሰፈው ሃይረም ማክሲም፣ በገዛ መሣሪያው ጩኸት ጆሮው ደንቁሮ አረጀ። በ1909 እ.ኤ.አ. ለጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ የፈጠራ መብት ያገኘው ደግሞ የገዛ ልጁ ሃይረም ፐርሲ ማክሲም ነው፤ ለሞተርም ማርሚታ ሠርቷል። ለአባቱ ጆሮ ግን ዘግይቶ ነበር።

የኛም ማርሚታ ለጓደኛችን ዘግይታለች። ባለፈው ወር ምርመራውን ደግመን ብናየው፣ መሥመሩ 4,000 ላይ እዚያው ገደል ውስጥ ነው፤ አልወጣም፤ ግን ደግሞ ከነበረበት አልወረደም። እርሱም ለእናቱ «እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ የሚቆራረጠው መሥመሩ ሳይሆን ጆሮዬ ነው» ብሎ እውነቱን ነግሯቸዋል።

እንግዲህ የማኅበራችን አባላት፤ በሞተር አጠገብ የምትሠሩ፣ ከጭፈራ ወይም ከድምፅ ማጉያ ስትመለሱ ጆሯችሁ ሲጮኽ የሚያድር ሁሉ፣ ሳታፍሩ ምርመራ አድርጉ። ማርሚታዋን ለማየትና የራሳችሁን ለመሥራት የምትፈልጉም ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሜዳው ብቅ በሉ፤ ባዶ ቆርቆሮ ይዛችሁ ኑ እንጂ ሌላው አይቸግርም። ኡስታ ሻይ ያፈላሉ። ወደ እናንተ መጥተው ሲናገሩ ግን ሞተሩን አጥፍታችሁ ስሟቸው።