የመንገድ ዋስ

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ስንኝ እቆጥራለሁ። ከሁለቱም ሥራ አንድ ልማድ ቀርቶብኛል፤ ነገርን ሁሉ ደምሮና ቀንሶ ማየት። ይህ ልማዴ አንድ ጊዜ እናቴን ሜዳ ላይ ሊያሳድርብኝ ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያ ነው።

እናቴ የላሊበላን ገና ሳታይ እንዳትሞት ስትለምን ኖራለች። በ2010 ዓ.ም. ልጇ ደመወዝተኛ መሆኑን አይታ፣ «እንግዲህ ውሰደኝ» አለችኝ። የሰፈራችን ደብር የጉዞ ማኅበር በዚያው ሰሞን ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የድንኳን ማደሪያ፣ የጾም ምግብና አስተባባሪ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ፣ ለአንድ ሰው 1,850 ብር። እኔ ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ። የአውቶቡሱን ታሪፍ ጠየቅሁ፤ አልጋውንና ምግቡን ገመትሁ፤ ለአንድ ሰው 1,300 ብር ሆነ። ለሁለት ሰው 1,100 ብር ትርፍ! «እማዬ፣ በራሳችን እንሄዳለን» አልኋት። እናቴ በሒሳብ ነገር ከእኔ ጋር አትከራከርም። «አንተ ታውቃለህ» አለች።

ከአዲስ አበባ ላሊበላ፣ በደሴና በወልዲያ በኩል፣ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ደሴ አደርን፤ እስከዚያ ድረስ ሒሳቤ ልክ ነበር። በማግስቱ ላሊበላ ስንገባ መሽቷል፤ ከተማው በነጭ ነጠላ ተሞልቷል። በየሆቴሉ ያለው መልስ አንድ ነው፦ «አልጋ የለም።» በሌላ ጊዜ 150 ብር የሚከራይ ክፍል 900 ብር ገብቶ አገኘን፤ ኪሴን እየዳበስሁ ሳመነታ እሱንም ሌላ ሰው ቀደመን። የእናቴ ጉልበት አብጦ ነበርና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከፊት ለፊታችን የዚያው የእኛ ደብር ማኅበር ድንኳን ተተክሏል። አስተባባሪው የእጅ ባትሪ ይዞ ሰው ይቆጥራል፤ «ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ።»

ያተረፍሁት 1,100 ብር የምን ዋጋ እንደነበረ የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው። ወንበሩንና ድንኳኑንማ እኔም ገምቼው ነበር። ያልገመትሁት፣ ቁጥሩ አርባ እስኪሞላ ድረስ የማይተኛውን ሰው ነው።

እኛን ያዳነን ሌላ ነበር። የላሊበላ ሰዎች ለገና የመጣን እንግዳ እግር የማጠብ የቆየ ልማድ አላቸው። አንዲት ሴትዮ ከደጃቸው ብቅ ብለው «እናቴ፣ ይግቡ» አሉ። የእናቴን እግር በሞቀ ውኃ አጠቡ፤ ንፍሮ አቀረቡ፤ መደብ ላይ አስተኙን። ጠዋት ብር ስዘረጋ፣ «በረከት ይሸጣል እንዴ?» ብለው እጄን መለሱት።

በታኅሣሥ 29 ማለዳ፣ በቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከዐለቱ አፋፍና ከታች ከግቢው ሆነው በቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ እናቴ አለቀሰች። ማኅበሩ በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ ተነሣ። እኛን ግን የሚያስቸኩለን ስላልነበረ አንድ ቀን ጨመርን። ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ እናቴ ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከአንድ ዐለት ወደ ታች የተፈለፈለውን መስቀል ስትመለከት ዋለች። በማኅበር የሄደ ይህን አያገኝም። ስለዚህ በራስ መሄድን አልነቅፍም። ጥፋቴ፣ ይህ ነፃነት የሚያስከፍለውን አስቀድሜ ለእናቴ አለመንገሬ ነው፤ ጉልበቱ የእርሷ ነበርና።

በመልሳችን አውቶቡሱ ሞልቶ በሚኒባስ እጥፍ ከፈልን፤ ወልዲያ ላይ መድኃኒት ገዛን። ቤቴ ገብቼ ስደምር ከማኅበሩ ዋጋ በ240 ብር አልፌ ተገኘሁ።

በዓመቱ፣ ተምሬያለሁ ብዬ፣ ለቁልቢ ገብርኤል ሁሉን በአንድ የሚያዘጋጅ ሰው ፈለግሁ። አገኘሁም። ሙሉውን ከፈልሁ፤ የተሰጠኝ ማኅተም የሌላት ቁራጭ ወረቀት ነበረች። በቀጠሮው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ከመንገድ ዳር ቆምን። አውቶቡሱ አልመጣም። ስልኩ ተዘግቷል። እናቴ ስንቋ ላይ እንደ ተቀመጠች ነጋ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቴ ገብቼ በራሴ አፈርሁ። ብድር ሊጠይቅ የሚመጣውን ሁሉ «ዋስህ ማነው? ማስያዣህ ምንድን ነው?» ስንል የምንውል ሰዎች ነን። የገዛ እናቴን መንገድ ለማላውቀው ሰው ሳስረክብ ግን ያንን ጥያቄ ረስቼው ነበር። በአንድ ዋጋ የታሰረ ጉዞ በራሱ ጥበቃ አይደለም። ጥበቃ የሚሆነው ከኋላው ዋስ ሲኖር ነው።

ይህ ሐሳብ ሳይለቀኝ፣ በመስከረም 12 ቀን 2012 ዓ.ም. የቶማስ ኩክ መክሰር ተሰማ። የድርጅቱ መሥራች እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን በአንዳንድ ሽልንግ ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ በባቡር በመውሰድ ነበር ሥራውን የጀመረው። ሲከስር በውጭ አገር የነበሩ ወደ 150,000 የሚጠጉ የብሪታንያ ተጓዦች በተከራዩ አውሮፕላኖች ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከ1973 ጀምሮ በዚያ አገር አቶል የሚባል የጉዞ ዋስትና አለ፤ ፈቃድ ያለው አዘጋጅ ስለ እያንዳንዱ ተጓዥ 2.50 ፓውንድ ወደ አንድ የጋራ ቋት ያስገባል። ገና ያልተጓዙት ደንበኞች ግን ዕጣቸው ተለያየ። በአቶል ሥር ሙሉ ጉዞ የገዙት ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። ከዚያ ሽፋን ውጭ የአውሮፕላን ትኬት ብቻ የቆረጡት በየባንካቸውና በየመድን ድርጅታቸው ደጅ መጥናት ነበረባቸው።

የአውሮፓ ኅብረትም በ1990 ያወጣው፣ በ2015 ያደሰው መመሪያ አለው። አዘጋጁ፣ ሆቴሉና አጓጓዡ ለሚያጠፉት ጭምር ይጠየቃል፤ ቢከስር የሚመለሰውንም ገንዘብ አስቀድሞ በዋስትና ያስይዛል። ሁሉን ለየብቻ የገዛ ሰው ግን አውሮፕላኑ ቢቀርበት ሆቴሉ «እኔን ምን አገባኝ?» ይለዋል።

ሁለት ፓውንድ ከሃምሳ! ከቡና ዋጋ አይርቅም። እኔም በላሊበላው ጨለማ ያጣሁት፣ በቁልቢው ንጋትም የተነጠቅሁት እርሱኑ ነበር። አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚሉት ተረት አላቸው። እነዚያ ሰዎች አደራውን በሕግ አጥብቀው በገንዘብ አስይዘውታል። የላሊበላዋ ሴትዮ ደግሞ ያለ ሕግና ያለ ቋት ጠብቀውታል። ግን በየመንገዱ ሳፋ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብዬ እናቴን ይዤ መውጣት አልችልም።

ስንኝ ካላከልሁ አይሆንልኝምና ይህችን በዚያው ሰሞን ጽፌ ነበር፦

ዋጋውን ጠይቄ መንገድ ጀመርኩና፣
ዋሱን ሳልጠይቀው መሸብኝ ለገና።

ባለፈው እሑድ እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጉልበቷ ሳይብስ አንድ ጊዜ ቁልቢን ማየት ትፈልጋለች። እኔ ከልማዴ እርሳስ ፍለጋ እጄን ሰደድሁ። እርሷ ግን ብሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ፣ ስንት እንደሚያስፈልግ ሳትጠይቅ፣ «ከማን ጋር ነው የምንሄደው?» አለችኝ።