ትልቁን ቴብል የት ላይ እንቁረጠው?

ቴብል ሲያብጥና ሪፖርት ሲዘገይ ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ዲስክ መጨመር ነው፤ ቴብሉን በወር ከፋፍሎ አንዱን ፓርቲሽን እዚህ ዲስክ፣ ሌላውን እዚያ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ። ሐሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ነው የሚጨርሰው። የማንበቢያው ጭንቅላት ቦታው እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት፣ በሰከንድ ከመቶ ገደማ በላይ የተበታተነ ንባብ አይችልም። ሁለት ዲስክ እጥፉን ይችላል፣ ሥራው እኩል ከተካፈለ።

የክፍያ መዝገብ በወር ሲከፈል ግን ሥራው እኩል አይካፈልም። ገንዘብ ያዡም፣ ደንበኛውም፣ ተቆጣጣሪውም የሚነካካው የያዝነውን ወር ነው። አንዱ ዲስክ ፋታ ያጣል፣ ሌሎቹ ያንቀላፋሉ። ጭነትን በዲስኮች ላይ እኩል ለማዳረስ ሬይድ አለ፤ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ጽሑፋቸውን ካሳተሙ ወዲህ የተፈተነ መንገድ ስለሆነ ያን ሥራ ለእሱ መተው ይሻላል።

ፓርቲሽን የሚያዋጣው ሌላ ቦታ ነው። ፖስትግሬስ ላይ የአንድ ዓመት መዝገብ በዲሊት ስታጠፉ ረድፎቹ ወዲያው ከዲስኩ አይለቁም። የሞቱ ረድፎች ሆነው ይቆያሉ፤ ቫክዩም እየዞረ ያጸዳቸዋል፣ ኢንዴክሱም አብሮ ይንገላታል። አሮጌውን ፓርቲሽን መጣል ግን ፋይል የማጥፋት ያህል ቀላል ነው። ንባብ የሚቀለው ደግሞ ጥያቄው የተከፈለበትን ዓምድ ሲጠቅስ ብቻ ነው። በቀን የተከፈለን ቴብል በስልክ ቁጥር ብቻ ብትፈልጉት የሁሉንም ፓርቲሽን ኢንዴክስ ሲያስስ ይውላል። ፕራይመሪ ኪውም ቀኑን የግድ ማካተት አለበት፤ ስለዚህ የደረሰኝ ቁጥር ብቻውን እንዳይደገም ዳታቤዙ ዋስ አይሆንላችሁም።

እንግዲህ መቁረጫውን የሚወስነው ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። እኛ ጋ ፋይናንስ የሚጠይቀው የሐምሌን፣ የጥቅምትን ሪፖርት ነው፤ የመንግሥት በጀት ዓመትም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ፓርቲሽኑን ግን ከማኑዋሉ እንደወረደ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ እንቆርጠዋለን። የአንድ ወር ሪፖርት ሁለት ፓርቲሽን ያስከፍታል። ከሁሉ የሚቆጨኝ የተዘጋውን በጀት ዓመት ነጥሎ ለማውጣት ሲፈለግ ነው፦ የጁላይ ፓርቲሽን የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት የአሮጌው ዓመት፣ የቀሩት የአዲሱ ናቸው። በአንድ ትእዛዝ ማለቅ የነበረበት ሥራ ተመልሶ ዲሊት ይሆናል።

ወሰኑን በራሳችን ቀን ማድረግ ማን ከለከለን? የ2017 በጀት ዓመት ፓርቲሽን ከጁላይ 8፣ 2024 ይጀምራል፣ ጁላይ 8፣ 2025 ላይ ያበቃል፤ የላይኛው ወሰን ራሱ አይካተትም። ሐምሌ 1 በዚህ ዘመን ምንጊዜም ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል የዓመቱ ወሰን አይዋዥቅም። በወር ለሚቆርጥ ግን ጳጉሜን 6 አለች። መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ እስከ የካቲት ድረስ የወሮቹ መጀመሪያ ሁሉ በአንድ ቀን ተገፍቶ መጋቢት ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ይመጣል። የአምናውን ስክሪፕት ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጦ የሚያስኬድ ባለሙያ በ2020 መስከረም የጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ክፍያዎችን አዲስ ዓመት ውስጥ ያገኛቸዋል።

ሰዓቱንም አትርሱ። ሰርቨሩ በዩቲሲ ከተሠራና ወሰኑ ላይ +03 ካልተጻፈ፣ ወሩ የሚቀየረው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የገባው ክፍያ ባለፈው ወር ፓርቲሽን ውስጥ ይቀመጣል።

ዲስክ የመለየቱ ጉዳይ ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ነው። የያዝነው ዓመት ፈጣኑ ኤስኤስዲ ላይ፣ የተዘጉት ዓመታት ርካሹ ትልቅ ዲስክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ፖስትግሬስ ይህን በቴብልስፔስ ያስችላል። ስታዛውሩ ፋይሉ ተገልብጦ እስኪያልቅ ፓርቲሽኑ ይቆለፋል፣ የማይጻፍበት አሮጌ ዓመት ስለሆነ በሌሊት ቢሠራ ማንንም አይጎዳም። አደራ የምለው ግን ርካሹን ዲስክ ከባክአፕ እንዳታስቀሩት ነው። ቴብልስፔስ ራሱን የቻለ ዳታቤዝ አይደለም፤ ነቅሎ ሌላ ሰርቨር ላይ መሰካት አይቻልም፣ እሱ ከጠፋም ሙሉው ፖስትግሬስ አልነሣም ሊል ይችላል።