ካርቱም ያስተማረችኝን ጎንደር ላይ ረሳሁት

ካርቱም የገባሁት ግንቦት 2009 ዓ.ም. ነው። ከጎንደር መተማ፣ ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ማለቂያ የሌለው ሜዳ። ስለ ስደተኞቻችን ልጽፍ ለሦስት ወር ብዬ ሄጄ ሁለት ዓመት ቆየሁ።

ሙቀት አውቃለሁ ብዬ ነበር። መተማን ያየ ሰው ሙቀት ያየ ይመስለዋል። ካርቱም ግን ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ነፋሱ ራሱ ከምጣድ ላይ የተነሳ ነው የሚመስለው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ ደገኛ፣ 400 ሜትር እንኳ ወደማትሞላ ከተማ ሲወርድ ሰውነቱ ያምፃል። በተከራየኋት ክፍል ወለሉ ላይ ውሃ አፍስሼ እየተኛሁ “ሰው እዚህ እንዴት ይኖራል?” እል ነበር።

አከራዬ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሰፈሩ “ሀጅ” ነው የሚላቸው። በሦስተኛው ሌሊት በሬን አንኳኩና ግቢውን እያሳዩ “አንገረብ፣ አንገረብ” አሉኝ። አረብኛዬ ገና ነው፤ የሰማሁት የጎንደሩን ወንዝ ነው። ይኼ ሰውዬ የእኛን አንገረብ ከየት ያውቁታል ብዬ ደነገጥኩ። ለካ በእነሱ አፍ አንገረብ ማለት በገመድ የተጠላለፈ አልጋ ነው፤ እኛ የጠፍር አልጋ እንደምንለው። አንዱን ግቢ ውስጥ አወጡልኝና ከልጆቻቸው ጎን፣ ሰማይ ሥር ተኛሁ። ካርቱም ውስጥ እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አስተማሩኝ። ጉዳይህን በጠዋት ጨርስ፤ ቀትር ላይ አትውጣ። ውሃ ሳይጠማህ ጠጣ። ሰማዩ በአንድ በኩል ከቀላ ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ነውና መስኮትህን ዝጋ። ደጃፍ ላይ የምታየው የውሃ እንስራ ለመንገደኛ የተቀመጠ ነውና ሳታፍር ጠጣ።

ሁሉም ማር ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። የመኖሪያ ወረቀት ጣጣ ነበር፤ አፈሳ ነበር። ሻይ የሚሸጡ እህቶቻችን ዕቃቸው ተወስዶባቸው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። “ያ ሐበሺ” የሚለው ቃል አንዳንዴ ፍቅር ነው፣ አንዳንዴ ስድብ። ናፍቆት ሲያነቀኝ ሐበሻ የሚበዛበት ዴም ሰፈር ሄጄ እንጀራ እበላለሁ፤ ወይ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ሙግረን ሄጄ እቀመጣለሁ። የቀሃ ውሃ መገጭን ተቀላቅሎ ጣና ይገባል፤ ከጣና በአባይ ወርዶ እዚያ ይደርሳል። ነሐሴ ላይ ውሃው የእኛን አፈር ይዞ ደፍርሶ ሲመጣ፣ ከቤት መልእክት የደረሰኝ ያህል ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ተመለስኩ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። እኛ ለፋሲካ ዋዜማ ላይ ነበርን፤ እነሱ ረመዳን ላይ። ብዙም ሳይቆይ መተማ በሰው ተጨናነቀ። ግንቦት ላይ ስልኬ ጠራ፤ የሀጅ ታላቁ ልጅ ነው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ተሻግሯል። አባቱ “ቤቴን ትቼ አልወጣም” ብለው ቀርተዋል።

ጎንደር ሲደርሱ ቤት ፍለጋ አብሬው ዞርኩ። አንዱ ግቢ ዋጋ ተነግሮን፣ ሰውየው ከሚስቱ ጋር በአረብኛ ሲያወራ ሲሰማ ዋጋው እጥፍ ሆነ። ደላላው ጠጋ ብሎ “ዶላር አላቸው፣ አንተ ምን አገባህ?” አለኝ። ዝም አልኩ። ከፈለ። አመስግኖኝ ገባ።

ከዚያ በሥራ ተጠምጄ ጠፋሁ። ክረምቱ ገባ፤ የጎንደርን የሐምሌ ብርድ ታውቁታላችሁ። አንድ ማለዳ ደወለልኝ፤ ድምፁ ደክሟል። ሌሊቱን ልጆቹ ሲንቀጠቀጡበት የከሰል ምድጃ አስገብቶ፣ በርና መስኮቱን ዘግቶ ተኝቷል። ከጎኑ ተከራይተው የሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ለሊጥ ሲነሱ የከሰሉ ሽታ ደርሷቸው በሩን ደበደቡ። ልጆቹን ተሸክመው ያወጧቸው እሳቸው ናቸው። በቋንቋ አይግባቡም። ከሰሉን በእጃቸው እያሳዩ “ይገድላል! ይገድላል!” ነበር የሚሉት።

ከሰል በተዘጋ ቤት ሰው እንደሚገድል የጎንደር ሕፃን ያውቃል። በረሃ ያደገ ሰው ከየት ይወቀው? መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። አባቱ ሌሊት በሬን አንኳኩተው ሰማይ ሥር እንድተኛ አድርገውኛል፤ እኔ ለልጁ አንድ ጋቢ እንኳ ይዤ አልሄድኩም።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አንድ ሺህ ያህል ስደተኞች “ደኅንነታችን አልተጠበቀም” ብለው ከኩመርና ከአውላላ መጠለያዎች በእግራቸው ወጥተው ነበር። እኛም በራሳችን ጦርነት ውስጥ ነበርን፤ አውቃለሁ። ግን በደርግ ጊዜ ገዳሪፍ የተጠለለ ዘመድ የሌለው የጎንደር ቤት ስንት ነው? ዛሬስ ልጁ በረሃ አገር ያልሄደበት ቤት ስንት ነው?

የመጠለያው ጸጥታ የመንግሥት ሥራ ነው፤ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው። የኪራይ ዋጋና የከሰል ምድጃ ግን የእኔና የእናንተ ጉዳይ ነው። ሰፈራችሁ እንግዳ ከገባ እንደ እኔ ክረምት እስኪያልፍ አትጠብቁ። ዛሬ ማታ አንኳኩ።