የፈተና ጥልቀት

በቋንቋችን «ፈተና» ሁለት ሸክም ያለበት ቃል ነው። ተማሪ የሚቀመጥለትም ፈተና ነው፤ ኢዮብን ያገኘውም ፈተና ነው። «ሙከራ» ቀለል ይላል፤ ሙከራ ቢከሽፍ ይደገማል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ ሰርጓጅ መርከብ እንዲወርድ የተፈቀደለትን የመጨረሻ ጥልቀት የሚጠራበትን ስም ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «የፈተና ጥልቀት» እንጂ «የሙከራ ጥልቀት» ማለት አይሆንልኝም። ምክንያቴ ትሬሸር ናት።

ትሬሸር የተሠራችው ሌሎች ሰርጓጆችን እንድታድን ነበር። ስልቷም የራስን ድምፅ ቀብሮ የሌላውን ማድመጥ ነው። ለዘጠኝ ወራት ያህል ከቆየችበት ጥገና በወጣች ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1963 ጠዋት፣ ከኬፕ ኮድ በስተምሥራቅ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደዚያ ጥልቀት፣ ወደ 400 ሜትር አካባቢ፣ መውረድ ጀመረች። በውስጧ 129 ሰዎች ነበሩ፤ 17ቱ ሲቪሎች። ከላይ የምትጠብቃት ስካይላርክ የተባለች የነፍስ አድን መርከብ ነበረች። የማዳኛ መሣሪያዋ ግን ከ260 ሜትር በታች አይሠራም።

ስካይላርክ ከሰማቻቸው የመጨረሻ መልእክቶች አንዱ መጠነኛ ችግር እንደገጠማቸው፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ እንዳቀና፣ ጋኖቹን በአየር ለማራገፍ እየሞከሩ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። መጠነኛ! ሰው በሥልጠና ብዛት ፍርሃቱን እስከዚህ ድረስ ማነጽ መቻሉ ያስደንቀኛል፤ ያሳዝነኛልም።

መርማሪዎቹ ምናልባት አንድ የቧንቧ መጋጠሚያ ተበጥሶ የባሕር ውኃ እንደገባ፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች እንደተበላሹ፣ የኒውክሌር ማብላያውም እንደቆመ ገመቱ። በጥገናው ወቅት በድምፅ ሞገድ ከተመረመሩት 145 መጋጠሚያዎች 14 በመቶ ያህሉ ከደረጃ በታች ሆነው ተገኝተው ነበር፤ ከዚያ የሚበዙት ጨርሶ አልተመረመሩም። ሐዘኑ በዚያው ዓመት ጥብቅ የደኅንነት ሥርዓት ወለደ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ኃይሉ ያጣው የኑክሌር ሰርጓጅ በ1968 የሰጠመችው ስኮርፒዮን ብቻ ናት፤ እርሷም የዚያ ሥርዓት ማረጋገጫ አልነበራትም።

እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሣኝ ከአደጋው በኋላ በእኅቷ በቲኖሳ ላይ የተደረገው ነው። ወደብ ላይ እንደታሰረች የታመቀውን አየር ወደ ጋኖቿ ለቀቁት። በአየሩ ውስጥ የነበረው እርጥበት ቀዘቀዘ፤ በሴኮንዶች ውስጥም በረዶ ሆኖ የቧንቧውን ወንፊት ደፈነው። አየሩ ቆመ። ሰዎቹም መሣሪያቸውን ሰብስበው በመሰላሉ ወደ የብስ ወረዱ።