ጤና አዳምን በአረቄ ዘፍዝፎ ፊትን ስለ መቀባት

ጤና አዳም በአገራችን በብዙ ቤት የታወቀ ተክል ነው። ከአጥር ሥር ይበቅላል፤ ቅርንጫፉ ከቡና ጋራ ይቀርባል፤ ከአይብ ጋራ ይደባለቃል፤ ሆዱን ለቆረጠውም ሰው ቅጠሉ በውሃ ታሽቶ ይሰጣል። ስሙ እንደሚያመለክተው የቀደሙት ሰዎች ለአዳም ልጅ ጤና እንደ ተሰጠ አድርገው ያከብሩት ነበር። እኛም ይህን ቅጠል ለመንቀፍ ብዕር አላነሣንም። የምንጽፈው በአንዳንድ ቤት ስለምናየው ልማድ ነው፤ ይኸውም ማድያትንና ብጉርን ያጠፋል በማለት ጤና አዳምን በአረቄ ዘፍዝፎ ፊትን መቀባት ነው።

እንዲህ ያለውን ዝፍዝፍ ሐኪሞች ቲንክቸር ይሉታል። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። ቅጠሉ በጥላ ደርቆ ይሰባበራል፤ አንድ እጅ ቅጠል በአምስት እጅ ብርቱ አረቄ ይነከራል፤ ጠርሙሱ ተከድኖ ከብርሃን ርቆ ሁለት ሳምንት ያህል ይቀመጣል፤ በየቀኑም ይነቀነቃል፤ ከዚያ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። አልኮል ውሃ ሊያወጣው የማይችለውን ከቅጠሉ ያወጣል፤ ያወጣውንም ሳይበላሽ ያቆየዋል። ስለዚህ ጥበቡ ራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አረቄው መልካሙን ብቻ መርጦ አያወጣም።

በጤና አዳም ውስጥ የሥነ ቅመም ሊቃውንት ፉራኖኩማሪን ብለው የሚጠሯቸው ነገሮች አሉ። እነዚህ በውሃ ጥቂት ብቻ ሲሟሙ በአልኮል ግን በደኅና ይሟሟሉ። በቡና ላይ የሚጣለው ቅጠልና በአረቄ የተዘፈዘፈው ቅጠል ስለዚህ እኩል አይደሉም። ፉራኖኩማሪን በጨለማ ሳለ ቆዳን አይነካም፤ ቆዳው ከተቀባ በኋላ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ከብርሃኑ ኃይል ተቀብሎ የቆዳውን ሕዋሳት ያቃጥላል። ይህን የሚያደርገው ዓይን የማያየው ጨረር ነው፤ እርሱም በመስኮት መስተዋት ያልፋልና በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሰው ተጠለልሁ ብሎ አይታመን። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታም ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ሊቃውንት በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል ይላሉ።

ቃጠሎው ወዲያው አይታይም። ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይጀምርና በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይጠናል። ነገሩን ሁሉ የሚያሳስተው ይህ መዘግየቱ ነው።

በምንሠራበት ፍርድ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አቤቱታ ቀርቦ ነበር። ከሳሽዋ አንዲት እናት፥ ተከሳሽዋም ጎረቤትዋና የማርያም ማኅበርተኛዋ ነበረች። አቤቱታውም፥ ጎረቤቴ በምቀኝነት ተነሣሥታ፥ ልጄ ለጋብቻ በታጨች ጊዜ መርዝ ያለበት ጠርሙስ ሰጠቻት፤ ልጄም የፊት ማጥሪያ መስሏት ብትቀባው ፊትዋና አንገትዋ ተቃጠለ የሚል ነበር። ልጅቱ በጥምቀት ዕለት ጧት ጉንጭዋንና አንገትዋን በጣትዋ ቀብታ፥ ታቦቱ እስኪገባ ድረስ በሜዳ ውላለች። በዚያን ቀን ምንም አልተሰማትም። በማግሥቱ ቆዳዋ ቀላ፤ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። ቁስሉም የጣት ቅርጽ ነበረው፤ ዝፍዝፉ ወደ አንገትዋ በፈሰሰበትም መሥመር ወርዶ ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች እኩሌቶቹ ሆን ተብሎ የተሠራ መርዝ ነው፥ እኩሌቶቹም የዛር ጥፍር ነው አሉ። ይልቁንም ጎረቤቲቱን የጎዳት፥ የገዛ ልጅዋ ከዚያው ጠርሙስ በዚያው ጧት ተቀብታ ምንም ያልሆነች መሆንዋ ነው። የራስዋን ጠብቃ የሰውን ልጅ አቃጠለች ተባለ።

የሐኪሙን ቃል የጻፍነው እኛ ነን። ሐኪሙ ጠርሙሱን አሽትቶ ምን ቅጠል እንደ ሆነ ከጠየቀ በኋላ፥ ያችኛዋ ልጅ በጥምቀት ዕለት የት ዋለች አለ። ልጅቱ ለካ አራስ እኅትዋን ስታስታምም ከጓዳ ሳትወጣ ውላ ኖሯል። በእርስዋ ፊት ላይ ቅባቱ ነበረ፤ ፀሐዩ ግን አልነበረም። ሐኪሙ ይህን በአስረዳ ጊዜ ክሱ በሽማግሌ ታየና በዕርቅ አለቀ። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ የቀረው ጥቁረት ግን እስኪለቅ ክረምት ገባ፤ ከፋሲካ በኋላ የተቀጠረውም ሠርግ ወደሚቀጥለው ጥር ተላለፈ። ማድያት እንዲጠፋ የተቀባ ፊት ከማድያት የከፋ ጥቁረት ተሸክሞ ብዙ ወር ከረመ። የሁለቱ እናቶች የማኅበር ጽዋም እንደ ተቋረጠ ቀረ።

አዲስ ቅባት ከመቀባት በፊት በክንድ ውስጠኛ ወገን ጥቂት ቀብቶ አንድ ወይም ሁለት ቀን መጠበቅ ይገባል የሚል ምክር አለ። ምክሩ መልካም ነው፤ ቆዳው የማይስማማውን ነገር ብዙ ጊዜ ያስታውቃል። በጤና አዳም ላይ ግን ይህ ፈተና ሰውን ያታልላል፤ ክንዱ ከእጅጌና ከነጠላ ሥር ስለሚውል ቅባቱ ንጹሕ መስሎ ይወጣልና። ፊት ደግሞ ነጠላ ቢከናነቡም እንኳ ከፀሐይ አያመልጥም። ክንዱን በፀሐይ ዘርግቶ መፈተንም ምክር አይደለም፤ ራስን አውቆ ማቃጠል ነውና። ሎሚም ያው ነው፤ የልጣጩ ዘይት ይህንኑ ቅመም ይዟል፤ ጤና አዳሙን ከሎሚ ጋራ የሚዘፈዝፉ ሰዎች አደጋውን እጥፍ ያደርጉታል።

ይህን ያህል ስንል ግን ቅመሙ መርዝ ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። ይህን የመሰለ ቅመም ያለበት ሌላ ተክል፥ አሚ ማጁስ የሚባለው፥ ለለምጽ ከፀሐይ ጋራ ይሰጥ እንደ ነበረ የመድኃኒት ሊቁ ኢብን አል በይጣር በ13ኛው መቶ ዓመት ጽፏል። የካይሮው ሐኪም ዶክተር ኤል ሞፍቲ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 ዓመተ ምሕረት ከዚሁ ተክል በወጣ መድኃኒት ለምጻሞችን ስለ ማከሙ አስታወቀ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮም በሆስፒታሎች መድኃኒቱ ተሰፍሮ፥ ብርሃኑም በመሣሪያ ተለክቶ ይሰጣል። ሁለቱም በልክ ናቸው። በቤት ጠርሙስ ግን የቅመሙን መጠን የሚያውቅ የለም፤ የፀሐይዋንም መጠን የሚሰፍር የለም።

ስለ አረቄውም ጥቂት እንበል። ዳግም አረቄ ከመቶ 45 ያህል አልኮል ሊኖረው ስለሚችል ቆዳን ያደርቃል፤ የተላጠውንም ይለበልባል። ጥንቃቄ ሳይደረግ በተጣራው ውስጥ ሜታኖል የሚባለው መርዝ ሊገባ ይችላል። አልኮል በሕፃን ስስ ቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባልና ለሕፃናት ፈጽሞ አይቀባ። ጠርሙሱም ከሚጠጣው አረቄ አጠገብ ያለ ጽሕፈት መቀመጡ በብዙ ጓዳ ያየነው ስንፍና ነው። እርጉዝ ሴት ይህን ዝፍዝፍ ብትጠጣ ማሕፀንን ሊያነሣሣ ይችላልና ይህን ለእንግዳም ለአገልጋይም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

ማድያት የሚጠና በፀሐይ ስለ ሆነ፥ ከቅባቱ ሁሉ ይልቅ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ፥ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የፀሐይ መከላከያም ይጠቅማል። ቅጠል ካልሆነ ልባቸው የማይረካ እመቤቶች እሬትን ይያዙ፤ ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካልና በደንብ ታጥቦ ይወገድ፤ ውስጡ ያለው ብሩህ ዝልግልግ ብቻ ያለ አረቄ ይቀባ።

ጤና አዳም የነካው ቆዳ ገና ሳይቃጠል ከታወቀ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ እስከ ሁለት ቀንም ከፀሐይ ይሸፈን። ውሃ ከቋጠረ ማፍረጥ አይገባም፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይደረግበት። ወደ ሐኪም ሲሄዱም ጠርሙሱን ይዞ የቅጠሉን ስምና በዚያን ቀን የት እንደ ዋሉ መናገር ነው፤ ይህ ካልተነገረው ቁስሉን እንደ እሳት ወይም እንደ አሲድ ቃጠሎ ሊቈጥረው ይችላልና።