ግጥም ጽፎ ማደር

አንባቢ ሆይ፤ ከባኮ አልፈህ ወደ ነቀምቴ ስትጓዝ አውቶቡስህ ሲሬ ላይ ጥቂት ቢቆም፥ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ አንድ ሽበታም ሰው ታይ ይሆናል። ያ ሰው እኔ ነኝ። የምተዳደረው በራፖር ጸሐፊነት ነው፤ በልቤ ግን ባለቅኔ ነኝ። «ግጥም ያበላል ወይ?» ብለህ ብትጠይቀኝ፥ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ጥቂት ያበላል፤ በክረምት ግን አያበላም ብዬ እመልስልሃለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስት ሆነን ሻይ ቤት እንሰበሰባለን፤ ሁለት መምህራን፥ አንድ ልብስ ሰፊ፥ አንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛና እኔ። የጻፍነውን እናነባለን፤ እንተቻቻለን፤ አንዳንዴም እንኳረፋለን። (ልብስ ሰፊው ከሁላችንም ይበልጣል፤ ይህን ግን በፊቱ ተናግሬ አላውቅም።) ወለጋ የባለቅኔ ደሃ አይደለችም፤ «ልጅነት» የተባለውን የግጥም መጽሐፍ በ1963 ዓ.ም. ያሳተመው ሰሎሞን ዴሬሳ የዚሁ አገር ልጅ ነው። እኔም የተማርኩት በአማርኛ ስለ ሆነ ግጥሜን በአማርኛ እጽፋለሁ። ማመልከቻው ግን ዛሬ በኦሮምኛ፥ በቁቤ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ለመቃብሩ ሐውልት ግጥም እንድጽፍላቸው መጡ። ስምንት ስንኝ ጻፍኩ፤ አንበሳም ነብርም አስገባሁበት። አማርኛ ስለማይሰሙ በኦሮምኛ ተረጐምኩላቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፥

«ልጄ፥ ይህ ጀግና ማነው? የኔ ልጅ እኮ ውሻ ይፈራ ነበር። ከገበያ ስመለስ ግን ሳልጠራው መንገድ ድረስ ወጥቶ ሸክሜን ይቀበለኝ ነበር» አሉኝ።

አፈርኩ። ያንኑ አንበሳ ለስንት ሟች ሸጬዋለሁ መሰለህ!

ኋላ ወደ ወለጋ መጥታ ያስተማረችው አስቴር ጋኖ፥ ኤርትራ ሳለች የሕዝቧን ዘፈንና ተረት በቃሏ እያስታወሰች በኦሮምኛ ጽፋ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱ ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት መጽሐፍ፥ ያውም በግዕዝ ፊደል፥ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1894 ታትሟል። እኔ ግን በእናቴ ቋንቋ ከማመልከቻ በቀር አንድ ስንኝ እንኳ ጽፌ አላውቅም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ ውሻውንና ሸክሙን የያዙ አራት ስንኞች ብቻ ወጡልኝ። ቅዳሜ ባነባቸው አንደኛው መምህር «ቤት አይመታም» አለ። ልብስ ሰፊው እንደገና አንብበው አለኝ፤ ከዚያም ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም አለ።

ከእናትየዋ ጋር ነቀምቴ ወደሚገኝ ድንጋይ ጠራቢ ሄድን፤ እርሱም ዋጋውን በፊደል ቈጠረ። በቁቤ አናባቢው ሲረዝም፥ ተነባቢውም ሲጠብቅ ፊደሉ ይደገማል፤ ስለዚህ ሒሳቡ ካሰብነው በለጠ። እኔም አዝኜላቸው ውሻው ያለበት ስንኝ ቢወጣስ ብዬ አሳብ አቀረብኩ።

እናትየዋ መቀነታቸውን ፈቱ። ብሩን አንድ በአንድ ቈጥረው ለጠራቢው ሰጡና፥

«ውሻው ይቈይ» አሉ።